እንቅልፍ የወሰደኝ ቤት

ሰው እያወራኝ እንቅልፍ የጣለኝ በዕድሜዬ አንድ ቤት ውስጥ ብቻ ነው። ቤቱ እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት ከተማ፣ አሮጌ ሕንፃ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ዛሬም በአውቶቡስ በዚያ ሳልፍ ቀና ብዬ መስኮቱን ሳላይ አላልፍም።

ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ፤ ለሦስተኛ ዲግሪዬ ጥናት እየሠራሁ። ጥናቴ ጎንደር ከተማ በኪራይ ቤት ዓመታት ሙሉ የጉዞ ተራ ሲጠብቁ ኖረው ወደ እስራኤል ስለመጡ የቤተ እስራኤል እናቶች ነው። ሌላው ተማሪ ወረቀት በትኖ "በጣም እስማማለሁ፣ አልስማማም" አስብሎ ይሰበስባል። የእኛ መንገድ ሌላ ነበር። እናትየዋን "ከፈለጉበት ይጀምሩ" ብለን ዝም እንላለን። ድምፃቸውን እንቀዳለን። ቤታችን ስንመለስ ግን ከሳቸው ቃል በፊት የራሳችንን ነገር እንጽፋለን። ራሴን አመመኝ፣ ራበኝ፣ ተናደድኩ፣ ሳይገባኝ ሳቄ መጣ፤ የሚያሳፍረውም ሳይቀር። በየሁለት ሳምንቱ አራት ተማሪዎች ከአስተማሪያችን ጋር ክብ ሠርተን ተቀምጠን እርስ በርስ እናነባለን።

አስተማሪያችን ዕድሜ ልካቸውን የሰው ጭንቀት ሲያዳምጡ የኖሩ የሥነ ልቦና ሐኪም ናቸው። "ሰው በአፉ ሊነግርሽ ያልቻለውን አንዳንዴ አንቺ ገላ ላይ ይጥለዋል። ገላሽን አድምጪው" ይሉኝ ነበር።

እውነቱን ለመናገር በልቤ አላመንኩም። እናቴ ሃያ ዓመት ትምህርት ቤት ስታጸዳ ወገቧ ሲቆረጥ "ደህና ነኝ" የምትል ሴት ናት። እኛ ቤት ስለ ገላ አይወራም። ይሁንና ማስታወሻዬን ስጽፍ አንድ ነገር አስተዋልኩ። በዕብራይስጥ "አዘንኩ" ብዬ የማልፈው ነገር፣ በአማርኛ ሳስበው አንጀቴ ይላወሳል፣ ሆዴ ይባባል፣ ጉልበቴ ይከዳኛል። እኔ እስከ አምስተኛ ክፍል ጎንደር የተማርኩ ነኝና አማርኛው አልጠፋኝም። የእናቴ ቋንቋ ይህን ትምህርት ከአስተማሪዬ በፊት ሲያውቀው ኖሯል።

ሰባተኛዋን እናት ያገናኘችኝ እናቴ ናት። ኩፓት ሆሊም በሚሉት ጤና ጣቢያ፣ የሐኪም ተራ ሲጠብቁ ተዋውቀው ነው። "ደግ ሰው ናቸው። ብዙ አይናገሩም እንጂ" አለችኝ። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ ይጠጋል። ከመጡ ሰባት ዓመታቸው ነው። ጎንደር ላይ የጠበቁት ደግሞ ዐሥራ ሰባት ዓመት። ባላቸው እዚህ ከገቡ በሁለተኛው ዓመት ዐርፈዋል። እሳቸው በኢንዱስትሪ ቀጠናው አንድ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ያሽጋሉ። ሴት ልጃቸው አግብታ ወጥታለች፣ ወንዱ ወታደር ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ብቻቸውን ናቸው።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ከሥራ ገብተው የፋብሪካውን ሰማያዊ ሸሚዝ ገና አላወለቁም ነበር። ሻይ ናና ቅጠል ጣል አድርገውበት አቀረቡልኝ። መቅረጫውን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ዓይናቸውን ጣል አደረጉበት።

"ይኸ ይሰማል?"

"አዎ፣ እትዬ። ካልፈለጉ እዘጋዋለሁ።"

"ይስማ። ከየት ልጀምርልሽ?"

"ከፈለጉበት።"

ትንሽ አሰቡና "እንግዲህ ከበሬዎቹ ልጀምር" አሉ። አገራቸውን ለቀው ጎንደር ሲገቡ ባላቸው ሁለቱን በሬዎች እንዴት እንደሸጡ፣ አንደኛው በሬ ገዥው ሲነዳው እንዴት ዞሮ ዞሮ እንዳያቸው ነገሩኝ። አባታቸው በክርስትና እንዳሳደጓቸው፣ አያታቸው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እሳት እንደማይነኩ፣ ለምን ሲሏቸውም "እንዲሁ ነው" ብቻ ይሉ እንደነበር። ከዚያ የኪራይ ቤቱን አነሡ። አንድ ክፍል ናት፤ ጣራዋ ቆርቆሮ። ዝናብ ሲመታው አጠገብህ ያለ ሰው የሚናገረው አይሰማም።

"በሁለተኛው ክረምት…" አሉ።

ዐይኔ ከበደኝ። ማታ በደንብ ተኝቼ ነበር። ግን ከአንገቴ ሥር ተነሥቶ እንደ ሙቅ ውኃ ወደ ራሴ የሚወጣ እንቅልፍ መጣብኝ። ጭኔን ቆነጠጥኩ። ከንፈሬን ነከስኩ። ቃላቸው ከሩቅ እንደሚመጣ ይሰማኛል እንጂ ምን እንደሚሉ አልያዝኩም። እሳቸው አዩኝ።

"ደከመሽ ልጄ? ይብቃን" አሉ። ቅር ያላቸው አይመስሉም፤ እንዲያውም እፎይ ያሉ መሰለኝ።

በማስታወሻዬ ላይ "እንቅልፍ። አፈርኩ" ብዬ ጻፍኩ። ክቡ ላይ ሳነበው አንዷ ጓደኛዬ "ሰልችቶሽ ይሆናል" አለች። ሌላዋ "የሦስት ዓመት ልጅ እናት ነሽ፤ ምን ይገርማል?" አለችኝ። አስተማሪዬ ግን መነጽራቸውን አውልቀው፣ "በዚያ ታሪክ ውስጥ የተኛው ማን ነው?" ብለው ጠየቁ። ሞኝ ጥያቄ መሰለኝ። የሚያወሩልኝ ስለ በሬና ስለ ቆርቆሮ ቤት ነው፤ የተኛ ሰው የለም።

ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ሁለት ኩባያ ቡና ጠጥቼ ነው። ስለ ልመና ደብዳቤዎቹ፣ ጸሎት ቤቱ ግቢ ስለነበረው ሰልፍ፣ የተጓዦች ስም ዝርዝር ሲለጠፍ ስለነበረው ግፊያ በደንብ አዳመጥኩ። ወደ ሁለተኛው ክረምት ሲደርሱ ያው እንቅልፍ መጣ። ያው ቦታ ላይ፣ ያው ቃል ላይ። ያን ጊዜ ከእፍረት ይልቅ ፍርሃት ተሰማኝ።

ሦስተኛው ቀን ላይ የሆነውን እስከ ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይግላል። ከሰዓት በኋላ ነው። ከውጭ የትምህርት ቤት ልጆች ጫጫታ ይመጣል። ሶፋው ላይ ተቀምጫለሁ፤ እሳቸው ፊት ለፊቴ ወንበር ላይ። "በሁለተኛው ክረምት" ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው የለኝም።

ስነቃ አፍንጫዬ ሥር የሰው ጣት ነበር።

ጎንበስ ብለው ሁለት ጣታቸውን ከአፍንጫዬ በታች ይዘዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል። ትከሻዬ ላይ ነጠላ ጣል ተደርጎብኛል። ስነቃነቅ እጃቸውን እንደ ተቃጠለ ሰው ሰበሰቡት።

"ይቅርታ እትዬ! ይቅርታ ያድርጉልኝ…"

"ምንም አይደል።" ነጠላውን ከትከሻዬ አነሡ። "ሂጂ ልጄ። ልጅሽ ትጠብቅሻለች። ሂጂ።"

ደረጃውን እየሮጥኩ ወረድኩ። የወቀሱኝ መስሎኝ ነው። ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ ቦርሳዬ ውስጥ የከተትኩት መቅረጫ ግን ቀይ መብራቱ ገና አልጠፋም ነበር።

በማግስቱ ልጄን መዋዕለ ሕፃናት አድርሼ ተመለስኩና ከኮምፒውተሬ ፊት ተቀመጥኩ። እንቅልፍ እስከወሰደኝ ድረስ ያለውን ሰምቼ ልዘጋው ነበር። አልዘጋሁትም። በመጀመሪያ የሚሰማው የእኔ ትንፋሽ ነው፤ ረጅም፣ የተኛ ሰው ትንፋሽ። ከዚያ የሳቸው ድምፅ፣ ዝግ ብሎ፦

"ተኛሽ? … ተኚ ልጄ፣ ተኚ። እኔንም እንዲሁ ነው የወሰደኝ።"

ወንበሩ ሲጢጥ አለ።

"ሦስት ቀን ዐይኔን አልከደንኩም። ገላዋ እሳት ነው። አባቷ ለቀን ሥራ ወርዷል፤ መልእክት የሚያደርስልኝ የለ። ክሊኒክ ወስጄ ሽሮፕ ሰጥተውኛል። በሦስተኛው ቀን ቀለል አላት፤ ጠባችልኝ። ደስ አለኝ። ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። አረፍ ልበል አልኩ እንጂ ልተኛ አላልኩም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ስነቃ ዝናቡ አባርቷል። ጡቴ አፏ ውስጥ ነው። አፏ ቀዝቅዟል።"

እዚህ ላይ አቆምኩት። ተነሥቼ ውኃ ጠጣሁ። ተመልሼ ከፈትኩት።

"ለአባቷ፣ እያየኋት ሄደች አልኩት። ለጎረቤቱም እንዲሁ። እያየኋት አልነበረም። ስምንት ወሯ ነበር። መቃብሯንም ጥዬው መጣሁ።"

ከዚያ ብዙ ጊዜ የሚሰማው የእኔ ትንፋሽ ብቻ። በመጨረሻ ወንበሩ ተገፍቶ እሳቸው ይጠሩኛል፦ "አንቺ ልጅ… ልጄ… ትተነፍሻለሽ?"

በዚያ ሳምንት በመዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ቀድሜ እየደረስኩ ልጆቹ ቀን የሚተኙበትን ክፍል በመስታወት አያለሁ። አንድ ቀን መምህሯን አስፈቅጄ ገባሁና ልጄ ፍራሽ አጠገብ ተንበረከክኩ። ጣቴን አፍንጫዋ ሥር ያዝኩ። ሞቀኝ። መምህሯ "ታማለች እንዴ?" አለችኝ። "የለም" አልኳት። ምን ልበላት? ክንዴ ከትከሻዬ እስከ ጣቴ ድረስ ሰው እንደተኛበት ያህል ደንዝዞ ሰነበተ። ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ። እውነት የሳቸው ነገር ነው የተኛብኝ ወይስ የራሴ ድካም? እስከ ዛሬ አላውቅም። አስተማሪዬ "ሁለቱም ሊሆን ይችላል" ይላሉ።

ለአስተማሪዬ ነገርኳቸው። ይህ ጥፋቴ ነው። ሴትዮዋን ሳልጠይቅ ነው የነገርኳቸው። ብቻዬን መሸከም ስላቃተኝ ቢሮአቸው ገብቼ እያለቀስኩ ተናገርኩ። እሳቸውም ዐይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ እጄን ይዘው፣ "ይህ የጥናትሽ ልብ ነው። እናትየዋ መናገር የቻለችው አንቺ ስትተኚ ነው። ይገባሻል? እንደዚህ ያለ ነገር በሥራ ዘመኔ ሁለት ጊዜ አላጋጠመኝም" አሉኝ። ፊታቸው አበራ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሥራቸውን የሚወዱ ሰው ናቸው። እኔ ግን ያን ብርሃን ማየት አልቻልኩም። ይቅርታ ብዬ ወጣሁ፣ የኮሪደሩ መጨረሻ ያለው መጸዳጃ ቤት ገብቼ አስመለስኩ። ያቺ ሕፃን በአንድ ጊዜ የምዕራፍ ርእስ ስትሆን አየኋት።

እሑድ ዕለት ሴትዮዋ ከፋብሪካ የሚገቡበትን ሰዓት ጠብቄ ሄድኩ። በሩን ሲከፍቱ መቅረጫውን በእጄ ይዤ አዩኝ። ተቀመጪም አላሉኝ።

"ያን ዕለት ይሰማ ነበር?" አሉኝ።

"ይሰማ ነበር፣ እትዬ። ማጥፋቱን ረስቼ ተኝቼ።"

"አንቺስ ሰማሽው?"

"በኋላ ሰማሁት።"

ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ወለሉን አዩ።

"ፈረድሽብኝ?"

"ኧረ እንዴት ብዬ እትዬ! በሽታው ነው የወሰዳት። ነቅተው ቢሆንም…"

"አውቃለሁ። ሐኪም ለሁሉም እናት እንዲያ ይላል። ብነቃም ትሞት ነበር።" ቀና አሉ። "ግን ብቻዋን ነው የሄደችው። እኔ እቅፍ አድርጌያት፣ እሷ ብቻዋን።"

ጎናቸው ተቀመጥኩ። መቅረጫውን አይተው "አጥፊው" አሉ። እያዩኝ አጠፋሁት። ኮምፒውተሬንም በቦርሳዬ ይዤው ነበርና፣ እሱ ላይ ያለውን ቅጂ እዚያው ፊታቸው አጠፋሁ።

"ጠፋ?"

"ጠፋ።"

"ሌላ ሰው አልሰማውም?"

መዋሸት እችል ነበር። "ድምፁን ማንም አልሰማውም። ለአስተማሪዬ ግን በቃሌ ነግሬያቸዋለሁ" አልኩ።

አልተቆጡም። ቢቆጡ በወደድኩ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ "እኔ ለባሌ ሳልነግረው ነው የሞተብኝ" አሉ። ይህን ብቻ። ተነሥቼ ስወጣ እንደ ወጉ እስከ በሩ ሸኙኝ። "ደህና ዋዪ" አሉኝ፤ "ልጄ" ግን አላሉኝም።

ጥናቴን በስድስት እናቶች ጨረስኩ። አስተማሪዬ ሁለት ጊዜ ለመኑኝ፤ ስማቸው ይለወጣል፣ ከተማው ይለወጣል፣ ማንም አያውቃቸውም አሉኝ። እምቢ ስል በመጨረሻ "ልክ ሳትሆኚ አትቀሪም" አሉ። ዲግሪውን ተቀበልኩ። እናቴ እልል አለች። እኔ ግን ፎቶው ላይ ሰው ቀብሬ የመጣሁ እመስላለሁ።

ከዓመት በላይ አልተያየንም። አንድ ቀን ካርሜ ጋት በሚባለው የከተማችን አዲስ ሰፈር፣ ከፎቆቹ ሥር ካለው ገበያ ውስጥ አንዲት ወጣት ሴት የሕፃን ጋሪ እየገፋች ጠራችኝ። የሴትዮዋ ልጅ ናት። አንድ ሁለቴ እናቷ ቤት ተያይተናል። ሴት ልጅ ወልዳለች። እንኳን ማርያም ማረችሽ የሚለው የጎንደር ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ልማድ ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ዋጥኩትና "እንኳን ደስ ያለሽ! ማዛል ቶቭ!" አልኳት። አመሰገነችኝና ወዲያው ዐይኗ እንባ ሞላ።

"እማ ልጄን አታቅፋትም" አለችኝ። "ትመጣለች፣ ታበስላለች፣ ታጥባለች። ልጅቷን ስሰጣት እጄ ቆሽሿል ትለኛለች። ሦስት ወር ሙሉ እጇ ቆሽሿል? ወንድ ፈልጋ ነበር እንዴ? ምን በደልኳት?"

ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ መናገር ግን የእኔ አይደለም። በማግስቱ ሴትዮዋ ቤት ሄድኩ። ገና ከደጃፉ፣ "እትዬ፣ ልጅዎት፣ እናቴ ልጄን አልወደደችልኝም ብላ ታለቅሳለች" አልኳቸው። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። እሳቸው በሩን ይዘው ቆመው ቆዩና "ግቢ፣ ልጄ" አሉኝ።

በዚያው ሳምንት ለልጃቸው ነገሯት። ምን ተባብለው እንዳለቀሱ እኔ አልነበርኩም። ልጅቷ ግን ደውላ የነገረችኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ።

"እኔ እኮ አውቅ ነበር" አለችኝ። ድምፅዋ በልቅሶ ደክሟል። "ስድስት ዓመቴ ነበር። እዚያው ክፍል ውስጥ ነበርኩ። እማ ግድግዳ ተደግፋ ስትተኛ አየኋት። ሦስት ቀን አልተኛችም ነበርና አሳዘነችኝ። እንዳልቀሰቅሳት ብዬ በእግሬ ጣቶች እየረገጥኩ ወጥቼ ጎረቤት ቤት ተቀመጥኩ። ስመለስ ሰው ያለቅሳል። እያየኋት ሄደች ስትል ሰማኋት። ትንሽ ልጅ ብሆንም ዝም ማለት እንዳለብኝ ገባኝ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ፣ ቀስቅሼያት ቢሆን እያልኩ ነው የኖርኩት።"

ስልኩን ይዤ ወጥ ቤቴ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ገበታ እየበሉ፣ አንዱን ነገር እርስ በርስ ሲደባበቁ ኖረዋል። አንዷ ሌላዋን እንዳትጎዳ ብላ።

ይህ ነገር አሽሯቸዋል ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ልጅቷ ለጥቂት ሳምንት እናቷን አላናገረችም። ከዚያ እንደገና መገናኘት ጀመሩ፤ ግን እንደታመመ ሰው እየተጠነቀቁ ነው የሚነጋገሩት። ሴትዮዋ ከስተዋል።

የመጻፍ ፈቃድ የሰጡኝ ራሳቸው ናቸው። አንድ ቀን እንዲያው ሳልጠይቃቸው፣ "ያን ነገር ከፈለግሽ ጻፊው" አሉኝ። "በአማርኛ ጻፊው። ስሜን አትጥሪ። በዕብራይስጡ ይቅር፤ እዚያ የጥናት ጉዳይ ነው የምሆነው። በእኛ ቋንቋ ግን የምታነበው እናት ምን እንደሆንኩ ታውቃለች።"

ያለፈው ወር፣ ቀትር ላይ ስልኬ ጮኸ። ሴትዮዋ ናቸው። ልጃቸው ለሕክምና ሄዳ ሕፃኗን ለመጀመሪያ ጊዜ እሳቸው ጋ ትታታለች። "ካልከበደሽ ብቅ በይ" አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ያለውን ሰምቼ ታክሲ ያዝኩ።

በሩ ገርበብ ብሎ ጠበቀኝ። ሳሎኑ መካከል ላይ ሕፃኗን ደረታቸው ላይ አስደግፈው ቆመዋል። ሕፃኗ አፏን ከፍታ አንገታቸው ሥር ተኝታለች። ግንባራቸው በላብ ርሷል።

"ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው የቆሙት?" አልኩ።

"ከሄደች ጀምሮ።"

"እትዬ፣ ጉልበትዎ… ይቀመጡ እንጂ። እኔ አለሁ።"

"ተቀመጪ አትበይኝ" አሉኝ። አልተቆጡም፤ ልመና ነበር።

ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ። አልሰጡኝም። ስለዚህ ቦርሳዬን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩና አጠገባቸው ቆምኩ። ክንዴን ከክንዳቸው ሥር አድርጌ የሕፃኗን ክብደት ገሚሱን ያዝኩላቸው። አንዳንዴ ጎንበስ ብለው ትንፋሿን ያዳምጣሉ። እንዲህ እንዳለን ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። ልጃቸው ገብታ ሁለታችንንም አየችን። ሕፃኗን ከደረታቸው ላይ ቀስ ብላ ወሰደችላቸው፣ በሌላው እጇም ወንበር ሳበችላቸው።